የሁለተኛው ማዕዘን ጠባቂ፤ ስለ ባድ ፋውለር ሕይወትና ሥራ

ቤዝቦል የሚባለው ጨዋታ በአሜሪቃ አገር እጅግ የተወደደ ነው። በዱላ ኳስ መምታት ስለ ሆነ የገናን ጨዋታ ለሚያውቅ ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም፤ ነገር ግን ልዩነቱ ብዙ ነው። የገና ዱላ ጫፉ ቈልመም ያለ ሲሆን የቤዝቦል ዱላ ቀጥ ያለና ወደ ጫፉ እየወፈረ የሚሄድ ነው። ኳሱም በመሬት ላይ ሲንከባለል ሳይሆን ፊት ለፊት የቆመ ወርዋሪ በኀይል ሲወረውረው፥ በአየር ላይ ሳለ ይመታል። ተጋጣሚዎቹ ሁለት ቡድኖች ናቸው፤ በያንዳንዱም ዘጠኝ ሰዎች አሉ። በሜዳው ላይ አራት ማዕዘኖች ተለይተው ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ካንዱ ማዕዘን እስከ ሌላው ያለው ርቀት 90 ጫማ፥ ማለት 27 ሜትር ያህል ነው። መቺው ኳሱን ከመታ በኋላ ዱላውን ጥሎ ማዕዘኖቹን በተራ እየረገጠ ይሮጣል፤ ሁሉን ፈጽሞ ወደ ተነሣበት ቢመለስ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ይቈጠርለታል። ጠባቆቹ ኳሱን ቀልበው እርሱ ከመድረሱ በፊት ወደሚሮጥበት ማዕዘን ቢያደርሱት ግን ከሜዳው ይወጣል።

በማዕዘኖቹ አጠገብ የሚቆሙት አራት ሰዎች የውስጥ ሜዳ ጠባቆች ይባላሉ። ከነዚህም የሁለተኛው ማዕዘን ጠባቂ ሥራ ብርቱ ነው። ኳሱ እየነጠረ ሲመጣ አጐንብሶ መቀለብ፥ በእግሩ ማዕዘኑን መርገጥ፥ ወዲያውም ዞሮ ወደ መጀመሪያው ማዕዘን መወርወር አለበት፤ ይህም ሁሉ ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለ ጊዜ ውስጥ የሚደረግ ነው። እርሱ ይህን ሲያደርግ ሯጩ በመሬት ላይ እየተንሸራተተ ወደ እግሩ ይመጣበታል፤ የሯጩም ጫማ ከሥሩ የብረት ሹል አለው። ዛሬ ጠባቆች ሁሉ ወፍራም የቈዳ ጓንት ያደርጋሉ። በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ ዓመታት ግን ብዙዎቹ የውስጥ ሜዳ ጠባቆች ያን ጠንካራ ኳስ በባዶ እጃቸው ይቀልቡ ነበርና የጣት መሰበር ለነርሱ የዘወትር ነገር ነበረ። ባድ ፋውለር እንጀራውን የበላው በዚህ ስፍራ ቆሞ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠራው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ፋውለር የተወለደው ማርች 16 ቀን 1858 ዓመት በኒው ዮርክ ግዛት ፎርት ፕሌን በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ጆን ጃክሰን ነበረ። አባቱ ጥቁር አሜሪቃዊ፥ ሥራውም ጠጉር ማስተካከል ነበረ። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ቤተ ሰቡ ኩፐርስታውን ወደምትባል ወደ ሌላ ትንሽ ከተማ ተዛወረ፤ ይህችን ከተማ አንባቢ በልቡ ያኑራት፥ ኋላ ትመጣለችና። ልጁ በዚያ ሲያድግ ሁለት ነገር ተማረ፤ ከአባቱ ምላጭና መቀስ መያዝን፥ ከሜዳው ኳስ መምታትንና መቀለብን። ስሙን ለምን ከጃክሰን ወደ ፋውለር እንደ ለወጠ አልተገለጠም። ባድ የተባለው ግን የሚያገኘውን ሰው ሁሉ «ባድ» እያለ ይጠራ ስለ ነበረ ነው፤ ቃሉ በነርሱ ቋንቋ «ወዳጄ» እንደ ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ ቤዝቦል ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያነት ወደ ደመወዝ ሥራነት ይለወጥ ነበር። በ1869 ዓመት የሲንሲናቲ ከተማ ቡድን ለተጫዋቾቹ ሁሉ ደመወዝ እንደሚከፍል በግልጥ አስታወቀ፤ በ1871 ደግሞ በደመወዝ የሚጫወቱት የመጀመሪያውን ማኅበር አቆሙ። ከዚህ ቀደም ብሎ በ1867 የጨዋታው ትልቅ ማኅበር ጥቁር ሰው ያለበትን ቡድን በአባልነት እንዳይቀበል ተስማምቶ ነበር። ባርነት በአገሩ ሁሉ በሕግ የቀረው በ1865 ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ የኳስ ሜዳው በር ተዘጋ ማለት ነው። የ1871ዱ ማኅበር ይህን ደንብ በጽሑፍ አላጸደቀም። ነገሩ ለየቡድኑ ባለቤት ፈቃድ ቀረ፤ ፋውለርም የገባው በዚች ቀዳዳ ነው።

በ1878 ዓመት የሃያ ዓመት ጐልማሳ ሳለ በማሳቹሴትስ ግዛት በቼልሲ ቡድን ውስጥ ወርዋሪ ሆኖ ይጫወት ነበር። በአፕሪል ወር የአገሩ ባለ ድል ከሆነው ከቦስተን ቡድን ጋር ለሙከራ ተጋጠሙ፤ ፋውለርም ወርውሮ 2 ለ 1 አሸነፈ። ይህ ድል ስሙን አስጠራለት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሊን ከተማ ቡድን ወሰደው፤ ይህ ቡድን የደመወዝተኞች ማኅበር አባል ስለ ነበረ ፋውለር በተደራጀ የደመወዝ ቤዝቦል ከነጮች ጋር የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ተባለ። በኋላ ግን መወርወርን እየተወ ወደ ሁለተኛው ማዕዘን ተዛወረ፤ ዝናውም የቆመው በዚሁ ስፍራ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሕይወቱ እንደ ነጋዴ ጕዞ ነው። በአንድ ከተማ አንድ ወቅት ይጫወታል፥ ብዙ ጊዜም ወቅቱ ሳያልቅ ወደ ሌላ ይሄዳል። በ1881 በካናዳ አገር የጉዌልፍ ቡድን አስመጣው፤ ነገር ግን የቡድኑ ሰዎች ከጥቁር ጋር አንጫወትም ስላሉ ተሰናበተ። በ1884 በሚኒሶታ ግዛት በስቲልዎተር፥ በ1885 በአዮዋ ግዛት በኪዮከክ፥ በ1886 በካንሳስ ግዛት በቶፒካ ነበረ። በቶፒካ ሳለ ሯጩን እስከ ሦስተኛው ማዕዘን የሚያደርሰውን ረዥም ምት በመምታት ከማኅበሩ ተጫዋቾች ሁሉ ቀደመ። ኳስ ደመወዝ በማያስገኝበት ጊዜ ከአባቱ የተማረው የእጅ ሥራ ያበላው ነበር። ምላጩን ይዞ የሚዞር ሰው በደረሰበት ከተማ አይራብም፤ ለብዙ ዓመታት ሳይሰበር የቆየበትም አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ችሎታውን የካደ ሰው አልነበረም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚደንቀው ነገር ይህ ነው። በ1885 ስፖርቲንግ ላይፍ የተባለው ትልቅ የጨዋታ ጋዜጣ ስለ ፋውለር ሲጽፍ፥ በአገሩ ካሉት በሁሉም ስፍራ መጫወት ከሚችሉት ከምርጦቹ አንዱ እንደ ሆነ፥ ፊቱም ነጭ ቢሆን ኖሮ ከታላላቆቹ ጋር ይጫወት እንደ ነበር ገለጠ። ጋዜጣው ይህን የጻፈው ለመሳደብ ወይም ለመከራከር አይደለም፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እንደሚናገር አድርጎ አለፈው። ለሥራው የሚበቃ መሆኑ ተመስክሮለት ሥራው የተከለከለ ሰው ለማን ይከሳል? ክሱን የሚሰማ ዳኛ አልነበረም፤ ከልካዩ የመንግሥት ሕግ አልነበረምና።

በ1887 ዓመት ፋውለር የኢንተርናሽናል ማኅበር አባል ወደ ነበረው ወደ ቢንግሃምተን ቡድን ገባ። ይህ ማኅበር ከታላላቆቹ ማኅበሮች አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ሲሆን በዚያ ዓመት ከስድስት የማያንሱ ጥቁር ተጫዋቾች ነበሩበት። በባፋሎ ቡድን ፍራንክ ግራንት የተባለ እንደ ፋውለር የሁለተኛ ማዕዘን ጠባቂ ነበረ፤ በኒዋርክ ቡድን ጆርጅ ስቶቪ ወርዋሪ ነበረ፤ በሲራኪዩዝ ሂጊንስ የሚባል ሌላ ወርዋሪ ነበረ፤ በቢንግሃምተንም ከፋውለር ጋር ሬንፍሮ የሚባል ነበረ። እነዚህ ሰዎች ደካማ ሆነው ቢገኙ ኖሮ ነገሩ ጸጥ ብሎ ያልፍ ነበር። ነገር ግን ብርቱዎች ሆኑ። ፋውለር ራሱ በዚያ ዓመት በነበረው አቈጣጠር ከመቶ የመምታት ተራ በ35ቱ ተሳካለት፤ ይህም በዚህ ጨዋታ እጅግ ከፍ ያለ ቍጥር ነው።

ጠቡ የመጣው በመጀመሪያ ከገዛ ጓደኞቻቸው ነው። በሲራኪዩዝ ሁለት ነጭ ተጫዋቾች ከሂጊንስ ጋር አብረን ፎቶግራፍ አንነሣም አሉ። በቢንግሃምተን ተጫዋቾቹ ጥቁሮቹ ካልወጡ ወደ ሜዳ አንወጣም ብለው ለቡድኑ አለቆች ቴሌግራም አደረጉ። በሜዳም ላይ ክፉ ነገር ይሠራ ነበር። ወደ ሁለተኛው ማዕዘን የሚሮጡ ተጋጣሚዎች የጫማቸውን ሹል ወደ ፊት እያደረጉ በጥቁሩ ጠባቂ እግር ላይ ይንሸራተቱ ነበር፤ ስለዚህም ፋውለርና ግራንት ቅልጥማቸውን በእንጨት ቍራጭ ይሸፍኑ እንደ ነበር ይነገራል። የሁለተኛው ማዕዘን ጠባቂ ከሌሎቹ ይልቅ ለዚህ ጥቃት የተጋለጠ ነው፤ ኳሱን ሲቀልብ ጀርባውን ወይም ጐኑን ለሯጩ ይሰጣልና። ግራንት በሌላ ቡድን ሆኖ በዚያው ስፍራ ቆሞ ይህንኑ መከራ መቀበሉ፥ ነገሩ በአንድ ሰው ጠባይ የተነሣ እንዳልሆነ ያሳያል።

በጁላይ ወር መግቢያ ላይ ፋውለር ከቢንግሃምተን ተሰናበተ። ሲለቁትም በዚያው ማኅበር ከሌላ ቡድን ጋር ውል እንዳይገባ የሚል ግዴታ አኖሩበት። ከመቶ 35 የሚመታን ሰው በዚህ ዓይነት ማሰናበት የቡድኑን ገንዘብና ድል ወደ ውጭ መጣል እንደ ሆነ ባለቤቶቹ ሳያውቁት አልቀሩም፤ ቢሆንም የነጮቹን ተጫዋቾች ማጕረምረም የበለጠ ፈሩ።

ጁላይ 14 ቀን 1887 የማኅበሩ አለቆች በባፋሎ ከተማ ተሰብስበው ከእንግዲህ ወዲህ ከጥቁር ተጫዋች ጋር የሚደረግ አዲስ ውል እንዳይጸድቅ ወሰኑ። ድምፁ 6 ለ 4 ነበረ። ጥቁር ተጫዋች ያሏቸው ቡድኖች ውሳኔውን ተቃወሙ፥ የሌላቸው ደገፉ። ቢንግሃምተን ሁለቱን ጥቁሮች ካሰናበተ ገና ብዙ ቀን አልሆነውም ነበርና ድምፁን ከደጋፊዎቹ ጋር ሰጠ። ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ስብሰባው ተደርጎ ቢሆን ምናልባት ድምፁ 5 ለ 5 እኩል ይሆን ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል። በዚያው ቀን በኒዋርክ ካፕ አንሰን የሚባለው ዝነኛ ሰው የሚመራው የቺካጎ ቡድን ለግጥሚያ መጥቶ ነበር፤ አንሰን ከጥቁር ጋር አልጫወትም የሚል ሰው ነበርና ስቶቪ ሊወረውር ሲጠበቅ ሳይወጣ ቀረ። ለሕዝቡ የተነገረው ታሟል ተብሎ ነው።

ውሳኔው እንዴት እንደ ሠራ መመልከት ያስፈልጋል። በጊዜው ያሉትን ሰዎች በአንድ ቀን አላባረረም፤ ግራንት በባፋሎ እስከ 1888 ቆየ። አዲስ እንዳይገባ ብቻ ከለከለ። ነገር ግን የኳስ ተጫዋች ውል የሚታደሰው በየዓመቱ ስለ ሆነ፥ አዲስ ከተከለከለ አሮጌው በራሱ እየነጠፈ ይሄዳል። ሌሎችም ማኅበሮች ምንም ሳይጽፉ ይህንኑ ልማድ ያዙ። ማንም «እኔ ከለከልሁ» አላለም፤ ባለቤቱ በተጫዋቾች፥ ተጫዋቹ በባለቤት፥ ሁሉም በተመልካች ያመካኝ ነበር። በ1890ዎቹ መጨረሻ ከነጮች ጋር በተደራጀ ማኅበር የሚጫወት ጥቁር ሰው ፈጽሞ ጠፋ፤ ይህም ከአርባ ዓመት በላይ ጸና።

ፋውለር ግን በ1887 አላቆመም። ውሳኔው ያልደረሰባቸውን ትንንሽ ማኅበሮች እየፈለገ ወደ ቨርሞንት፥ ወደ ኢንዲያና፥ እስከ ኒው ሜክሲኮ ድረስ ሄደ። በሄደበትም ብዙ ጊዜ ማኅበሩ ራሱ በገንዘብ እጦት ይፈርስ ነበር፤ የዚያ ዘመን ትንንሽ ማኅበሮች እንደ ክረምት ጅረት ሞልተው የሚጐድሉ ነበሩና። እንዲህ ሆኖ በጠቅላላው ዐሥር ያህል ወቅት በተደራጀ ማኅበር ተጫወተ። ይህን ያህል የቆየ ጥቁር ተጫዋች ከርሱ በኋላ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት እኩሌታ አልተገኘም።

የሌሎች በር እየጠበበ ሲሄድ የራሱን ቤት ለመሥራት ተነሣ። በ1894 በኦሃዮ ግዛት በፊንድሌ ሲጫወት ሳለ ጆንሰን ከተባለ ወጣት የኳስ ጓደኛው ጋር የጥቁሮች ብቻ የሆነ ቡድን ለማቆም መከረ። ገንዘብ የሚያወጣ ባለጠጋም በሚሺጋን ግዛት በኤድሪያን ከተማ ተገኘ፤ ይኸውም ለገበሬዎች የሽቦ አጥር እየሠራ የሚሸጥ የፔጅ ኩባንያ ነው። ቡድኑም በ1895 በኩባንያው ስም ፔጅ ፌንስ ጃያንትስ ተብሎ ተቋቋመ፤ ለኩባንያው ማስታወቂያ፥ ለተጫዋቾቹ እንጀራ ሆነ። የሚጓዙት በራሳቸው የባቡር ሠረገላ ነበር፤ የሚበሉትም የሚተኙትም በዚያው ነው። ይህ የቅንጦት ቢመስልም ጥቁርን የማያሳድሩ ሆቴሎች በበዙበት አገር ደጅ ከመቆም የሚያድን ብልኀት ነበር። ከጨዋታው በፊት ተጫዋቾቹ በቢስክሌት ሆነው በከተማው ዋና መንገድ ላይ ሰልፍ ያደርጉ ነበር፤ ሕዝቡም ሰልፉን ተከትሎ ወደ ሜዳ ይሄዳል። በመጀመሪያው ዓመት 118 ጊዜ አሸነፉ፥ 36 ጊዜ ተሸነፉ።

ፋውለር ቡድኑን ካቋቋሙት አንዱ ሲሆን ዓመቱን አብሮ አልፈጸመም፤ በጁላይ ወር ተለይቶ ከነጮች ጋር ወደሚጫወትበት ወደ ሚሺጋን ግዛት ማኅበር ተመለሰ። ዕድሜው ያን ጊዜ 37 ነበረ። በዚያው በ1895 ስለ ራሱ ሲናገር፥ ያገደው ቈዳው እንደ ሆነ፥ እንዲህ ፈጽሞ ጥቁር ባይሆን ኖሮ እንደ እስፓኝ ሰው ተቈጥሮ ሊገባ ይችል እንደ ነበር ገለጠ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ ባለቤቶች ቀላ ያሉትን ጥቁሮች እስፓኝ ወይም ሌላ ሕዝብ እያሰኙ ያጫውቱ ነበርና ቃሉ ቀልድ አይደለም። ያ ዓመት በተደራጀ ማኅበር የተጫወተበት መጨረሻው ሆነ። ከዚያ በኋላ የጥቁሮችን ተጓዥ ቡድኖች እያቋቋመ ጥቂት ዓመታት ዞረ።

በመጨረሻ ጤናው ተጓደለ፥ ገንዘብም አልነበረውም። በ1909 ወዳጆቹ እርሱን ለመርዳት ገቢው ለርሱ የሚሆን ጨዋታ ለማድረግ አስበው ነበር፤ ሳይሆን ቀረ። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1913 በኒው ዮርክ ግዛት በፍራንክፈርት ከተማ፥ በእኅቱ ቤት ሳለ የደም ማነስ በሽታ ገደለው። ዕድሜው 55 ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። የተቀበረበት ስፍራ ድንጋይ አልቆመበትም፥ ስምም አልተጻፈበትም።

ፋውለርን ያሰናበተው የኢንተርናሽናል ማኅበር በ1946 ዓመት ጃኪ ሮቢንሰን የተባለውን ጥቁር ተጫዋች ተቀበለ። ሮቢንሰን ያን ዓመት ለሞንትሪያል ቡድን የተሰለፈው በሁለተኛው ማዕዘን ጠባቂነት ነው። በሚከተለው ዓመት በ1947 ወደ ታላቁ ማኅበር ወደ ብሩክሊን ቡድን ገብቶ ዝናው በዓለም ተሰማ። ፋውለር በቢንግሃምተን ሳለ ካየው ክፉ ቀን እስከዚህ 59 ዓመት አልፏል። ስለ ሮቢንሰን ብዙ መጻሕፍት ሲጻፉ የፋውለርን ስም የሚያነሣ እምብዛም አልነበረም፤ የድሮ ጋዜጣ እየገለጡ የሚመረምሩ ሰዎች ቀስ በቀስ አወጡት እንጂ። በ1987 የቤዝቦል ታሪክ ተመራማሪዎች ማኅበር በፍራንክፈርት በመቃብሩ ላይ ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ አቆመለት።

በልጅነቱ ያደገባት ኩፐርስታውን ከ1939 ጀምሮ የቤዝቦል ዝነኞች አዳራሽ የሚገኝባት ከተማ ናት፤ የምርጥ ተጫዋቾች መልክና ታሪክ በነሐስ ሰሌዳ ላይ እየተቀረጸ በዚያ ይሰቀላል። የአዳራሹ በር ከተከፈተ በኋላ ፋውለር ከ80 ዓመት በላይ በውጭ ቆየ። በ2013 ከተማይቱ ወደ ኳስ ሜዳዋ የሚወስደውን መንገድ በስሙ ጠራችው። በ2021 መጨረሻ የቀድሞውን ዘመን ቤዝቦል የሚመለከቱ መራጮች ድምፃቸውን ሰጡት፤ በጁላይ 2022 የፋውለር ሰሌዳ አባቱ ምላጭ መያዝ ባስተማረው ከተማ ከሌሎቹ መካከል ተሰቀለ።